የፓርቲ አባል፣ የአገር ሹም፦ ሁለቱ ታማኝነቶች የሚለያዩበት ቦታ

ጅማ ውስጥ አንድ የመንግሥት ሠራተኛ ለቡድን መሪነት ወይም ለጽሕፈት ቤት ኃላፊነት ስሙ ሲነሳ፣ በክፍት የሥራ መደብ ማስታወቂያ ላይ የማይጻፍ፣ ባልደረቦቹ ግን በሻይ ሰዓት ሳይጠያየቁት የማያልፉ አንድ ጥያቄ አለ፦ «አባል ነው?» የየትኛው ድርጅት አባል እንደሆነ ማብራራት አያስፈልግም። ጥያቄው ከደርግ ዘመኑ ፓርቲ ከኢሠፓ ወደ ኢሕአዴግ፣ ከኢሕአዴግ ወደ ብልጽግና እየተሻገረ የኖረ በመሆኑ፣ ጠያቂውም ተጠያቂውም የሚነጋገሩት በወቅቱ ሥልጣን ላይ ስላለው ፓርቲ እንደሆነ ያውቃሉ። ለፓርቲ መታመንና ለአገር መታመን እንዴት ይመዘናሉ የሚለው ክርክር ብዙ ጊዜ የሚቀርበው በታላላቅ መሪዎችና በታሪካዊ ቀናት በኩል ነው። እኔ ግን ነገሩ ይበልጥ የሚፈተነው በዚህ ዓይነቱ ተራ ጥያቄ፣ በወረዳ ቢሮ፣ በቀበሌ አዳራሽና በምክር ቤት ወንበር ላይ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ምክንያቱም አብዛኛው ሰው «ፓርቲዬን ከአገሬ አስበልጣለሁ» ብሎ አያውቅም፣ አይልምም። የሚሆነው ሌላ ነው፤ አገርን ማገልገያው መንገድ ሁሉ በፓርቲው በኩል እንዲያልፍ ስለተደረገ፣ ምርጫው ሰውየው ፊት ሳይቀርብ ተወስኖ ያልቃል።

ሕገ መንግሥቱ ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም. ሲጸድቅ ይህን ጉዳይ ሳይነካው አላለፈም። አንቀጽ 54 ንዑስ አንቀጽ 4 የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አባላት የመላው ሕዝብ ተወካዮች መሆናቸውን ከደነገገ በኋላ፣ ተገዥነታቸው ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለኅሊናቸው ብቻ እንደሆነ ይናገራል። በዝርዝሩ ውስጥ ፓርቲ የለም። አንቀጽ 79 ዳኞች ከሕግ በቀር በሌላ ነገር እንዳይመሩ ያዝዛል፤ አንቀጽ 87 ደግሞ የመከላከያ ሠራዊቱ ተግባሩን ከማንኛውም የፖለቲካ ድርጅት ወገናዊነት ነፃ ሆኖ እንዲያከናውን ይጠይቃል። ያው ሕገ መንግሥት ግን ፓርቲን እንደ ባዕድ አላየውም፤ በአንቀጽ 56 መሠረት በምክር ቤቱ አብላጫ መቀመጫ ያገኘ የፖለቲካ ድርጅት ወይም የድርጅቶች ጣምራ የአስፈጻሚውን አካል ያደራጃል፣ ይመራል። ሕጉ ፓርቲው ካቢኔ ውስጥ እንዲገባ ፈቅዶ፣ ችሎት ውስጥ፣ ጦር ካምፕ ውስጥና በተመራጩ ኅሊና ውስጥ እንዳይገባ ከልክሎታል ማለት ነው። ስለዚህ ጥያቄው «ፓርቲ ወይስ አገር» የሚል ጥቅል ጥያቄ ሳይሆን፣ አንድ ሰው በየትኛው ወንበር ላይ ሲቀመጥ የፓርቲውን ትዕዛዝ መስማት ይገባዋል፣ በየትኛው ላይ ሲቀመጥስ አይገባውም የሚል ነው።

ለፓርቲ መታመን በራሱ ነውር እንዳልሆነ ቀድሞ መነገር አለበት፤ ይህን መካድ በእኛ ዘንድ የተለመደ ቀላል መንገድ ነው። በምርጫ ቀን የጅማ ከተማ ነዋሪ ድምፅ ሲሰጥ፣ ዕጩው ስለ መሬት፣ ስለ ግብር፣ ስለ ቡና ግብይትና ስለ ፌዴራል አደረጃጀት ያለውን አቋም አንድ በአንድ መርምሮ አይደለም፤ የሚያውቀው የፓርቲውን ፕሮግራም፣ ቢያንስም የፓርቲውን ምልክትና ስም ነው። በዚያ ስም ተመርጦ በማግሥቱ «ነፃ ሰው ነኝ» ብሎ ፕሮግራሙን የሚጥል ተመራጭ፣ ኅሊናውን ያስከበረ ቢመስለውም ድምፅ የሰጡትን ሰዎች ከድቷል። ከዚህም በላይ ፓርቲ የሌለበትን ምክር ቤት አይተነዋል። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን በ1949 ዓ.ም. የሕዝብ ምርጫ ሲጀመር ፓርቲ የሚባል ነገር ስላልነበረ ተመራጮቹ በየግላቸው ገቡ፤ በየግላቸው የቆሙ ሰዎችም፣ ጥቂት ደፋሮች በመካከላቸው ቢኖሩም፣ ሥልጣኑን በእጁ የያዘውን ቤተ መንግሥት ተባብረው የሚጠይቁበት አቅም አላገኙም። ብቻውን የቆመ ተመራጭ በቀላሉ ይገዛል፣ በቀላሉም ይፈራል። ፓርቲ ይህን ድክመት የሚያካክስ መሣሪያ ነው፤ አባሎቹን በበጀት፣ በፖሊሲና በሕግ ረቂቅ ላይ በአንድ ድምፅ እንዲቆሙ ማድረጉም አገርን ከመክዳት ጋር አይቆጠርም።

ችግሩ የፓርቲ ታማኝነት በአገራችን ያደገው በእንዲህ ዓይነቱ የምርጫ ፉክክር ውስጥ አለመሆኑ ነው። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» በሚባልበት ዘመን ታማኝነት ለአንድ ሰው ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከዙፋን ሲወርዱ ያ ታማኝነት ባለቤት አጣ፤ የወረሰው ግን ሕግ አልነበረም። ደርግ መጀመሪያ የፓርቲ አደራጅ ኮሚሽኑን ኢሠፓአኮን በታኅሣሥ 1972 ዓ.ም.፣ ቀጥሎም ኢሠፓን በመስከረም 1977 ዓ.ም. አቋቋመ፤ በ1979 ዓ.ም. በሕዝበ ውሳኔ የጸደቀው ሕገ መንግሥትም ፓርቲውን የመንግሥትና የኅብረተሰቡ መሪ ኃይል አደረገው። ከዚያ በኋላ ፓርቲውን የሚቃወም አገሩን የሚቃወም ሆነ፤ ሁለቱ በሕግ አንድ ተደርገዋልና።

የዚህ ውህደት ዋጋ ከየትም በላይ የታየው በሠራዊቱ ውስጥ ነው። በጦር ክፍሎች ውስጥ ከአዛዡ ጎን የፖለቲካ ኮሚሳርና የደኅንነት ሰው የሚቆሙበት፣ ባለ ሦስት ማዕዘን የሚባለው የዕዝ ሥርዓት ተዘረጋ። አዛዡ ስለ ጠላት አሰላለፍ ሲያስብ ኮሚሳሩ ስለ አዛዡ አስተሳሰብ ለማዕከል ይጽፋል። በየካቲት 1980 ዓ.ም. በኤርትራ ግንባር የተሰለፈው የናደው ዕዝ አዛዥ የነበሩት ብርጋዴር ጄኔራል ታሪኩ ዓይኔ በመንግሥት ትዕዛዝ ተገደሉ፤ በቀጣዩ ወር፣ በመጋቢት፣ ያው ዕዝ አፋቤት ላይ ተሰበረ። ለሽንፈቱ ብዙ ምክንያቶች ይቀርባሉ፣ አንዱን ብቻ መዝዞ ማውጣትም ታሪክን ማሳነስ ነው፤ ነገር ግን ለአገሩ እየተዋጋ ለፓርቲው ታማኝነቱን በየቀኑ ማስመስከር የነበረበት መኮንን ሥራውን እንዴት ሊሠራ ይችል ነበር? ግንቦት 8 ቀን 1981 ዓ.ም. ጄኔራሎቹ መፈንቅለ መንግሥት ሞከሩ፣ ከሸፈ፣ አገሪቱም ብዙ ገንዘብና ጊዜ አፍስሳ ያሠለጠነቻቸውን መኮንኖች አጣች። የመጨረሻው ሒሳብ የተወራረደው ግን በ1983 ዓ.ም. ነው። ኢሕአዴግ አዲስ አበባ ሲገባ ያ ሠራዊት «የደርግ ሠራዊት» ተብሎ ተበተነ። ድንበር ሲጠብቅ የኖረ ወታደር የወደቀ ፓርቲ ንብረት ተደርጎ ተቆጠረ፤ ከኮሚሳሩ ጋር በአንድ ስም ስለተጠራም ከኮሚሳሩ ጋር ወደቀ። ጥቅምት 24 ቀን 2013 ዓ.ም. በሰሜን ዕዝ የደረሰው ጥቃትና ተከትሎት የመጣው፣ እስከ ፕሪቶሪያው ስምምነት ድረስ ሁለት ዓመት የፈጀው ጦርነትም ይህን ጥያቄ ከነቁስሉ መልሶ አምጥቶታል፤ አንቀጽ 87 ወረቀት ላይ ከተጻፈ ሃያ አምስት ዓመት ካለፈው በኋላ እንኳ፣ ወታደሩ ለማን ነው የሚለው ጉዳይ በደም የሚመለስ ጥያቄ ሆኖ ተገኘ።

እዚህ ላይ «እንግዲያው ሁሉም አገሩን ያስቀድም» ብሎ መደምደም ቀላል ነው። ያ መደምደሚያ ግን ራሱ ታሪክ አለው። ደርግ ወደ ሥልጣን የመጣው «ኢትዮጵያ ትቅደም» በሚል መፈክር ነበር፤ ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ስልሳ ያህል ባለሥልጣናትና መኮንኖች ያለ ፍርድ የተረሸኑትም በዚሁ መፈክር ሥር ነው። አገርን ማስቀደም ማለት ምን እንደሆነ የሚወስነው በሥልጣን ላይ ያለው ቡድን ብቻ ከሆነ፣ የአገር ታማኝነት የሚባለው ነገር የዚያ ቡድን ታማኝነት ሌላ ስሙ ይሆናል። ባንዳ፣ ከሃዲ፣ የውጭ ተላላኪ የሚሉት ስድቦች በእያንዳንዱ መንግሥት አፍ ላይ ሳይለወጡ ኖረው ተሰዳቢው ብቻ የሚቀያየረውም ለዚህ ነው። ስለዚህ ለአገር መታመንን ከስሜትና ከመፈክር አውርደን መያዣ ልንሰጠው ያስፈልጋል። ለእኔ መያዣው ይህ ነው፦ ነገ ሌላ ፓርቲ ቢያሸንፍም እኔን፣ አንተን፣ ተሸናፊውንም እኩል የሚያገለግሉ ሕጎችንና ተቋማትን አለመስበር። ይህ ትርጉም የደረቀ ሊመስል ይችላል፤ የአገር ፍቅርን ያህል ልብ አይሞላም። ነገር ግን ማንም ሥልጣን ላይ ያለ ሰው ለራሱ በሚመቸው መንገድ ሊተረጉመው የሚከብደው እንዲህ ያለው ደረቅ ትርጉም ነው።

ከተቃዋሚ ወገንም ቢሆን ነገሩ የጠራ አልነበረም። የግራ ፓርቲዎቹ መኢሶን በ1960፣ ኢሕአፓ በ1964 ዓ.ም. ሲመሠረቱ በሁለቱም ውስጥ የተሰለፈው ወጣት አገሩን ከልቡ ይወድ እንደነበር የሚጠራጠር ያለ አይመስለኝም። መኢሶን ለደርግ «ሂሳዊ ድጋፍ» ሰጠ፣ ኢሕአፓ ፊት ለፊት ተቃወመ፤ ሁለቱም ግን አገሪቱ የምትድነው በእኛ መስመር ብቻ ነው ብለው ስላመኑ፣ ከመስመሩ የወጣው ወንድም ከባዕድ ወራሪ የከፋ ሆኖ ታያቸው። ሐምሌ 1969 ዓ.ም. የሶማሊያው የዚያድ ባሬ ጦር ኦጋዴንን ሲወር በከተሞች ውስጥ የፓርቲ ግድያው ተፋፍሞ ነበር። ታጠቅ ጦር ሰፈር ሠልጥኖ ወደ ምሥራቅ የተመመው፣ 300 ሺህ ይደርሳል የተባለው ሚሊሻ አብዛኛው ገበሬ ነበር፤ የየትኛውንም ፓርቲ ፕሮግራም አላነበበም። በኩባ ወታደሮች እገዛ የካቲት 1970 ዓ.ም. ካራማራ ላይ ድል ሲገኝ ግን ድሉ ተጠቅልሎ ለአብዮቱ መሪዎች ክብር ተሰጠ፤ በከተማ ያለው ግድያም አልቆመም። ዛሬም በተቃዋሚው ዓለም ውስጥ፣ በተለይ ከውጭ አገር በሚሰራጩ የማኅበራዊ ሚዲያ ገጾች ላይ፣ መንግሥት ይዋረድ እንጂ አገሪቱ ላይ የሚደርሰው ግድ የለኝም የሚል ቃና መስማት እንግዳ አይደለም። የብር የምንዛሪ ዋጋ መውደቁን እንደ ድል የሚያከብር ሰው ጉዳቱ የሚያርፈው በሊሙና በጎማ ቡና ለቃሚ ቀለብ ላይ እንደሆነ የዘነጋ ነው።

ወደ ጅማ ስንመለስ፣ ለአገር መታመን ራሱ ከአንድ ወገን ብቻ የሚጠየቅ ግዴታ እንዳልሆነ የሚያሳይ የቆየ ምሳሌ አለ። ዳግማዊ አባ ጅፋር ከምኒልክ ጋር ከመዋጋት ይልቅ ግብር ለመክፈል ተስማምተው የጅማን ውስጣዊ አስተዳደር ለረጅም ዘመን ጠበቁ፤ ጅሬን ላይ ያለው ቤተ መንግሥታቸው ዛሬ የሚጎበኘው የዚያ ስምምነት ቅሪት ነው። በ1920ዎቹ አጋማሽ ሽማግሌው ንጉሥ ሲያልፉ ማዕከላዊው መንግሥት ያን የራስ አስተዳደር አጠፋው፤ የልጅ ልጃቸው አባ ጆብርም ታሰሩ። ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. አገሪቱን ሲይዝ አባ ጆብርን ነፃ አውጥቶ ሱልጣን አደረጋቸው። ይህን ታሪክ «ከዳ» እና «አልከዳም» በሚሉ ሁለት ቃላት መዝጋት የሚፈልጉ አሉ። እኔ ከዚያ የማነበው ሌላ ነገር ነው፤ ወራሪው የተጠቀመበትን ቁስል የፈጠረው ቃሉን ያጠፈ የአገር ውስጥ መንግሥት ነበር። በኦሮሞ፣ በአማራ፣ በየም፣ በዳውሮ፣ በከፋና በጉራጌ ልጆች በተገነባች ከተማ ውስጥ ስለ አገር ታማኝነት የሚያስተምር ሰው፣ አገር ለዜጋው የገባችውን ቃል በምን ያህል እንደጠበቀች አብሮ ካላነሳ የሚሰማው አያገኝም። በብሔር ላይ የተመሠረቱ ፓርቲዎች ኃይላቸውን የሚያገኙትም ከዚሁ ነው፤ አባሎቻቸው ለፓርቲው ሲታመኑ ለወገናቸው የታመኑ ይመስላቸዋል፣ አንዳንድ ጊዜም እውነት ነው።

ኢሕአዴግ ከኢሠፓ የተለየ ነገር ይዞ መጣ። ምርጫ ነበር፣ ተፎካካሪ ፓርቲ ነበር፣ የወረቀት መብቱም ሰፊ ነበር። የውስጥ አሠራሩ ግን ዴሞክራሲያዊ ማዕከላዊነት ነበር፤ ከውሳኔ በፊት መከራከር ይፈቀዳል፣ ከተወሰነ በኋላ ግን የታችኛው አካል የበላዩን ውሳኔ ያለ ማቅማማት ያስፈጽማል። ይህ መርህ ለትጥቅ ትግል ተስማሚ ሊሆን ይችላል፤ ሚኒስትሩ፣ የወረዳው አስተዳዳሪ፣ የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህርና የልማት ጣቢያ ሠራተኛው ሁሉም የአንድ ድርጅት አባላት ሲሆኑ ግን የመንግሥት መዋቅሩና የድርጅቱ መዋቅር አንዱ በሌላው ውስጥ ይጠፋል። አለቃ በቢሮ ሊያዝዝ የማይችለውን በሕዋስ ስብሰባ ያዝዛል፤ በሥራ አፈጻጸም ሊነቀፍ የማይችል ሠራተኛ በግምገማ «አመለካከቱ ችግር አለበት» ይባላል። ከምርጫ 1997 በኋላ የግንባሩ አባላት ቁጥር ከአንድ ሚሊዮን በታች ተነሥቶ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከአራት ሚሊዮን በላይ ደረሰ። በዚያ ፍጥነት የተስፋፋው እምነት ነው ብሎ ማሰብ ይከብዳል። የተስፋፋው ሥራ፣ የትምህርት ዕድል፣ ብድርና ዕድገት በአባልነት በኩል ይገኛሉ የሚለው ስሌት ነው። የሰብዓዊ መብት ተቋማት በገጠር ማዳበሪያና ዕርዳታ ለፖለቲካ ታማኝነት ማስገኛ ይውላሉ የሚል ክስ አቅርበዋል፤ መንግሥት ክሱን አስተባብሏል። አምስት ሰዎችን በአንድ መሪ ሥር የሚያሰባስበውን «አንድ ለአምስት» አደረጃጀት በቅርብ ያየ ሰው ግን የልማት ቡድኑ የት ላይ አልቆ የድርጅት ሥራው የት ላይ እንደሚጀምር ለማወቅ መቸገሩን ያስታውሳል።

በዚህ መንገድ የመጣ አባል ለፓርቲው ታማኝ ነው ማለትም ስህተት ነው፤ ይህ ነጥብ በሁለቱም ወገን ተከራካሪዎች ይረሳል። ኅዳር 21 ቀን 2012 ዓ.ም. ኢሕአዴግ ፈርሶ ብልጽግና ሲመሠረት በሚሊዮን የሚቆጠር አባል አንድም የግል ውሳኔ ሳያደርግ፣ የሕይወቱ መመሪያ ነው ይባል የነበረውን አብዮታዊ ዴሞክራሲ ትቶ ወደ አዲሱ ፓርቲ አስተሳሰብ ወደ መደመር ተሻገረ። እምነት የነበረው ሰው እንዲህ ባለ ፍጥነት አይሻገርም፤ ቢሻገር እንኳ ያዝናል፣ ይከራከራል፣ ጥቂት ሰው ቢሆን ተለይቶ ይቀራል። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» በሚል ተረት ባደገ ማኅበረሰብ ውስጥ አባልነት እንደ መተዳደሪያ ሲታይ፣ ፓርቲው ራሱ የመጀመሪያው ተጎጂ ነው፤ በክፉ ቀን የሚቆምለት አባል እንዳለው የሚያውቅበት መንገድ የለውም።

ይህ ሁሉ እያለም የፓርቲ አባል ሆኖ ለሕገ መንግሥቱና ለኅሊና መታዘዝ የሚቻል መሆኑን ያየንበት ቀን አለ። ጠቅላይ ሚኒስትር ኃይለማርያም ደሳለኝ የካቲት 8 ቀን 2010 ዓ.ም. የመልቀቂያ ጥያቄ ሲያቀርቡ የመፍትሔው አካል ለመሆን መሆኑን ገልጸው ነበር፤ በበላይነት የሚመሩትን ወንበር በሰላም መልቀቅ በእኛ ታሪክ ያልተለመደ ነውና ከዚያ በፊት ስላደረጉት የሚነሳባቸው ወቀሳ ይህን ክብር አያሳጣቸውም። በማግሥቱ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። የካቲት 23 ቀን ምክር ቤቱ አዋጁን ለማጽደቅ ሲሰበሰብ፣ በ2007ቱ ምርጫ 547ቱም መቀመጫ በኢሕአዴግና በአጋሮቹ የተያዘ በመሆኑ፣ አንድም የተቃዋሚ ፓርቲ ተወካይ በአዳራሹ አልነበረም። ቢሆንም 88 አባላት ተቃወሙ፣ 7 ድምፀ ተአቅቦ አደረጉ። መጀመሪያ ይፋ የተደረገው የድጋፍ ድምፅ 346 ሆኖ በኋላ 395 ተብሎ መታረሙ ደግሞ የሁለት ሦስተኛው መስፈርት ተሟልቷል ወይ የሚል ክርክር አስነሣ። ከተቃወሙት ብዙዎቹ ከኦሮሚያ የተመረጡ፣ የግንባሩ የኦሮሞ ድርጅት የሆነው የኦሕዴድ አባላት ነበሩ።

እነዚህ ሰዎች የታመኑት ለማን ነበር? ለአገር ነው የሚል አለ፤ ለብሔራቸው ነው፣ በግንባሩ ውስጥ ለነበረው የራሳቸው ክንፍ ነው የሚልም አለ። የአዋጁ ጫና ይበልጥ የሚያርፈው በመረጣቸው ሕዝብ ላይ ስለነበር እነዚህ ነገሮች በአንድ ሰው ልብ ውስጥ ተቀላቅለው ቢገኙ አይገርምም፤ የልብን ድብልቅ ለመለየት መሞከርም ከንቱ ድካም ይመስለኛል። የሚለየው ድርጊቱ ነው። የመረጣቸውን ሕዝብ ስሜት ወደ ምክር ቤት አምጥተው፣ በአደባባይ፣ በስማቸው፣ ከበላይ የወረደውን ውሳኔ በመቃወም ድምፅ ሰጡ። አንቀጽ 54 የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። አዋጁ ጸደቀ፣ ግንባሩም በዚያ ቀን አልፈረሰም፤ የድርጅት ዲሲፕሊን ከላላ ሁሉም ነገር ይናዳል የሚለው ማስፈራሪያ ከእውነታው የራቀ መሆኑ በዚያ ታየ።

ከአህጉራችን ጫፍ ተመሳሳይ ፈተና ይበልጥ በግልጽ ቀርቦ ነበር። የደቡብ አፍሪካው ፕሬዚዳንት ጃኮብ ዙማ በ2015 እ.ኤ.አ. በፓርቲያቸው ስብሰባ ላይ፣ አገር ይቀድማል ካላቸው ሰው ጋር መከራከራቸውን ጠቅሰው፣ ለእርሳቸው የሚቀድመው ፓርቲያቸው ኤኤንሲ መሆኑን በአደባባይ ተናገሩ። ግልጽነታቸው ያስመሰግናቸዋል፤ ብዙዎች በልባቸው የያዙትን በአፋቸው ተናገሩት። ነሐሴ 2017 እ.ኤ.አ. የመተማመኛ ድምፅ ሲቀርብባቸው፣ የአገሪቱ ሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት አፈ ጉባዔዋ ምስጢራዊ ድምፅ አሰጣጥ የመፍቀድ ሥልጣን እንዳላቸው ቀድሞ ወስኖ ነበር፤ ፍርድ ቤቱ የፓርቲ ታማኝነትና ለሕዝብ የተገባው ቃል ሲጋጩ ቃሉ መቅደም እንዳለበትም አስረድቷል። ውጤቱ 177 ይነሱ፣ 198 አይነሱ፣ 9 ድምፀ ተአቅቦ ሆነ። ኤኤንሲ 249 መቀመጫ ስለነበረው በርካታ የራሱ አባላት መሪያቸውን አልደገፉም ማለት ነው። ዙማ ያን ቀን ተረፉ፤ በየካቲት 2018 እ.ኤ.አ. ግን የገዛ ፓርቲያቸው ግፊት ከሥልጣን አወረዳቸው። ልብ ሊባል የሚገባው ፓርቲው ራሱ የታደሰው «ፓርቲ ይቀድማል» ባሉት ሳይሆን ድምፃቸውን በነፈጉት አባላት አማካይነት መሆኑ ነው። ምስጢራዊ ድምፅን እንደ መፍትሔ ለእኛ መቅዳት ይጠቅማል ለማለት ግን አልደፍርም፤ መራጩ ተወካዩ እንዴት ድምፅ እንደሰጠ የማወቅ መብት አለው፣ እኛም ቤት የጎደለው ምስጢር አይደለም።

በ2013ቱ ምርጫ ብልጽግና በመጀመሪያው ዙር ከተወሰነባቸው 436 መቀመጫዎች 410ሩን ካሸነፈ በኋላ፣ በመስከረም 2014 ዓ.ም. በተዋቀረው ካቢኔ ውስጥ ከተቃዋሚ ፓርቲዎቹ ከኢዜማ፣ ከአብንና ከኦነግ የመጡ ሰዎች ሚኒስትር ሆነው ተሾሙ። ይህን አንዳንዱ አገርን ከፓርቲ ያስቀደመ ውሳኔ አድርጎ አወደሰው፣ ሌላው ደግሞ ተቃዋሚነትን በወንበር የሸጠ አድርጎ ነቀፈው። ሁለቱም ፍርዶች ቸኩለዋል። ሚኒስትሩ በያዘው መሥሪያ ቤት የሚሠራው ሥራ ሊመሰገን ይችላል፤ የፓርቲው ተመራጮች ግን በምክር ቤት ያንኑ ካቢኔ የመጠየቅ ግዴታቸው አልቀረላቸውም። ፈተናው ያለው መሪያቸው ካቢኔ ውስጥ ሳለ ተመራጮቹ የመሪያቸውን መሥሪያ ቤት በጠንካራ ጥያቄ መመርመር ይችላሉ ወይ በሚለው ላይ ነው። እዚያ ካልቻሉ፣ አገርን ማስቀደም የተባለው ነገር መጠያየቅን ማስቀረት ብቻ ይሆናል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ በጅማ ከተማ ደረጃ ሊደረግ የሚችለው ነገር አነስ ያለና ተጨባጭ ነው፤ ለዚህም ነው ከመፈክሩ ይልቅ የማምንበት። ከንቲባው የአሸናፊው ፓርቲ ሰው መሆኑ ተገቢ ነው፣ ምክትሉም፣ ፖሊሲ የሚወስኑት የጽሕፈት ቤት ኃላፊዎችም እንዲሁ፤ ሕዝቡ የመረጠው ፕሮግራም እንዲፈጸም እነርሱ ያስፈልጋሉ፣ ፓርቲው ሲሸነፍ አብረው ይሄዳሉ። ከእነርሱ በታች ያለው ግን የተለየ ነው። የይዞታ ምዝገባ ባለሙያው፣ የግብር ሰብሳቢው፣ የግዢ ክፍሉ ሠራተኛ፣ የመዝገብ ቤት ኃላፊው፣ የጤና ጣቢያው ሐኪም ፓርቲ ቢለወጥም በማግሥቱ በዚያው ወንበር ላይ መገኘት ያለባቸው ሰዎች ናቸው። የፓርቲ አባል የመሆን መብታቸው እንደ ማንኛውም ዜጋ ሊከበር ይገባል፤ በሥራ ሰዓት፣ በመንግሥት አዳራሽና በመንግሥት ተሽከርካሪ የሚካሄድ የድርጅት ስብሰባ ግን መብት አይደለም፣ የግብር ከፋዩን ገንዘብ ለአንድ ወገን ማዋል ነው። አባል ያልሆነውም ባለሙያ ስብሰባ ባለመግባቱ ሲገመገም አቤት የሚልበት፣ ከፓርቲው ውጭ የሆነ ቦታ ሊኖረው ይገባል።

አከራካሪው ወንበር የርዕሰ መምህሩ ነው። ብዙ ሰው ርዕሰ መምህር ከሹመኞቹ ጎራ ነው ብሎ ስለለመደ፣ በውድድርና በሙያ ብቻ ይመደብ የሚለው ሐሳብ የዋህነት ይመስለዋል። እኔ ግን ከንቲባውን ለፓርቲው ትቼ ስለ ርዕሰ መምህሩ ብከራከር እመርጣለሁ። ትምህርት ቤቱ በምርጫ ቀን የምርጫ ጣቢያ ይሆናል፣ መምህራኑ ከምርጫ አስፈጻሚዎቹ መካከል ይገኛሉ፣ በማግሥቱም የአሸናፊውም የተሸናፊውም ልጆች በአንድ ክፍል ይቀመጣሉ፤ የዚያን ግቢ ቁልፍ የያዘው ሰው በምን መስፈርት እንደተመደበ ወላጆች የመጠየቅ መብት አላቸው፣ በወላጅ መምህር ኅብረት ስብሰባም ሊያነሱት ይችላሉ።